የብርድ ልብሱ ወርክሾፕ፦ ስለ ካናዳ ነባር ሕዝቦች ታሪክና ስለ እርቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤድመንተን የምንኖር አበሾች በየጊዜው እየተሰባሰብን ይህን ወርክሾፕ እንወስዳለን። እኔ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች አስተረጉማለሁ። ቀኑ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። የሚጠየቀው ደግሞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወርክሾፑ ምንድን ነው?

የካናዳን ታሪክ ቆማችሁ የምትማሩበት ነው። በእንግሊዝኛ «ብላንኬት ኤክሰርሳይዝ» ይባላል። እኛ ጋ የብርድ ልብሱ ወርክሾፕ ሆኖ ቀርቷል።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ስለ ነባር ሕዝቦች ሲያጠና የከረመ የካናዳ ሮያል ኮሚሽን በ1996 አምስት ጥራዝ ሪፖርት አወጣ። ብዙ እውነት ያለበት ሪፖርት ነው። ግን አምስት ጥራዝ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? በዓመቱ፣ በ1997፣ ለነባር ሕዝቦች መብት የሚሟገት የአብያተ ክርስቲያናት ጥምረት ከነባር ሕዝቦች ሽማግሌዎችና መምህራን ጋር ሆኖ ያንን ታሪክ በእግር እየረገጡ የሚማሩት ነገር አደረገው። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ካይሮስ በሚባለው የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ስም ነው። በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመሥሪያ ቤት፣ ለፖሊሶች ሳይቀር ተሰጥቷል።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ወለሉ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ያ ብርድ ልብስ ምድሩ ነው። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበረው የሰሜን አሜሪካ ምድር። ብዙ ነባር ሕዝቦች «የኤሊ ደሴት» ይሉታል። እናንተ ደግሞ የምድሩ ሰዎች ናችሁ። ትዘዋወራላችሁ፣ ሰላም ትባባላላችሁ፣ በእጃችሁ የያዛችሁትን ትለዋወጣላችሁ።

ከዚያ ተራኪው ታሪኩን ይጀምራል። አውሮፓዊውን ሆኖ የሚሠራ ሰው ይገባል። መጀመሪያ እጅ ይጨብጣል። ንግድ አለ፣ ወዳጅነት አለ። ቆይቶ የብርድ ልብሶቹን ጠርዝ ማጠፍ ይጀምራል። ተሳታፊዎች ተጠቅልሎ የተሰጣቸውን ወረቀት በየተራ ጮክ ብለው ያነባሉ። ለአንዳንዱ ካርድ ይታደላል። ካርዱ «በፈንጣጣ ሞተሃል» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ከብርድ ልብሱ ወርዶ ዳር መቆም ነው። ሌላው ካርድ ልጅ ሆናችሁ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት መወሰዳችሁን ይናገራል። ከሌላው ሰው ተለይታችሁ ወደ አንድ ጥግ ትወሰዳላችሁ።

እየቆየ ክፍሉ ጭር ይላል። ያ ሁሉ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ እዚህም እዚያም የቀረ ቁራጭ ብቻ ይሆናል። አንድ ጊዜ አንዲት የሰባ ዓመት እናት የቆሙበት ብርድ ልብስ ታጥፎ ታጥፎ የሰፌድ ያህል ቀረ። ነጠላቸውን ሰበሰቡና በአንድ እግራቸው ቆሙ። ሌላውን እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸው። ክንዴን ያዙና በጆሮዬ «ልጄ፣ ልውረድ እንዴ?» አሉኝ። ተራኪዋ ክሪ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆነች ሴት ነበረች። አማርኛ አትሰማም፣ ግን ገብቷታል። «እንዳይወርዱ ንገሪያቸው። እኛም አልወረድንም» አለችኝ። ያንን ሳስተረጉም ድምፄ ተቆራረጠ።

መጨረሻ ላይ ወንበር በክብ ተደርድሮ ሁሉም ይቀመጣል። የንስር ላባ ወይም ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የያዘው ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። መናገር ያልፈለገ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ከትርጉሙ ጋር በጠቅላላው ግማሽ ቀን ያዙለት። ክቡን ሳይጨርሱ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም። የተነካ ሆድ ይዞ አውቶቡስ መጠበቅ ይከብዳል።

ለምን ብርድ ልብስ?

በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ብርድ ልብስ የሌለበት ቦታ የለም። በጸጉራም ቆዳ ንግድ ዘመን ከዋናዎቹ መለዋወጫዎች አንዱ እሱ ነበር። ክፉ ታሪክም አለበት። በ1763 ዛሬ ፔንሲልቬንያ በሚባለው ግዛት፣ ፎርት ፒት በተባለ ምሽግ፣ እንግሊዞች ከፈንጣጣ ሕሙማን ክፍል የወጣ ብርድ ልብስና መሐረብ ሌናፔ ለሚባለው ነባር ሕዝብ መልእክተኞች ሰጡ። የምሽጉ ነጋዴ ራሱ በማስታወሻው ጽፎታል። በሌላ በኩል ለብዙ ነባር ሕዝቦች ብርድ ልብስ ማልበስ የክብር ምልክት ነው። የከበረ እንግዳ ትከሻ ላይ ይደረባል። ጋቢ ለምናለብስ ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

አዳሪ ትምህርት ቤት ምን ክፋት አለው? እኔም አዳሪ ነው የተማርኩት።

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። እኛ «አዳሪ ትምህርት ቤት» ስንሰማ ጎበዝ ልጅ ተመርጦ የሚገባበት ቦታ ይታየናል። የወላጅ ኩራት ነው። ስለዚህ እኔ ሳስተረጉም «ሬዚደንሻል ስኩል» ብዬ ስሙን እንዳለ እተወዋለሁ። ከዚያ ምን እንደነበረ እናገራለሁ።

ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው የገቡበት። በመንግሥት ገንዘብ፣ በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት እጅ የሚተዳደር ነበር። ከ1920 ጀምሮ ልጅን አለመላክ በሕግ ያስቀጣ ነበር። ልጁ እንደገባ ጸጉሩ ይቆረጣል፣ ልብሱ ይወሰዳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ቋንቋውን ከተናገረ ይመታል። ወንድምና እህት አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እንዳይነጋገሩ ይለያያሉ። ብዙዎቹ ላይ የደረሰውን የወሲብ ጥቃት በዝርዝር አላነሳውም። ደርሷል።

ሞትም ነበር። በ1907 የመንግሥት ሐኪም የነበረው ዶክተር ፒተር ብራይስ የምዕራቡን ትምህርት ቤቶች ዞሮ አየ። መረጃ ከተገኘላቸው 1,537 ተማሪዎች ሩብ የሚጠጉት ሞተው ነበር። ዋናው ገዳይ የሳንባ ነቀርሳ ነው። አየር የማይገባበት ክፍል ውስጥ ታማሚና ጤነኛ አብረው ይተኙ ነበር። ሐኪሙ ጻፈ፣ ጮኸ። ሰሚ አላገኘም። ዛሬ ስማቸው ተለይቶ የተመዘገበው የሞቱ ልጆች ቁጥር ከ4,100 በላይ ነው።

የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። እኔ አገር ቤት ትምህርት ቤት ስመላለስ እነሱ ገና እዚያ ነበሩ። ወርክሾፑን የሚመሩት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው እዚያ ያደጉ ናቸው።

በ2021 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ካምሉፕስ ከነበረው ሬዚደንሻል ስኩል ስለተሰማው ዜናም ትጠይቁኛላችሁ። መሬት ውስጥ በሚያይ ራዳር የታየው ምልክት የሌላቸው መቃብሮች ሊሆኑ የሚችሉ ወደ 200 የሚደርሱ ቦታዎች ናቸው፤ መጀመሪያ 215 ተብሎ ነበር። ተቆፍሮ የወጣ አስከሬን አይደለም። ነገሩን ስታወሩ እንደዚህ በልኩ አውሩት። ስማቸው የተመዘገበው ልጆች ግን የራዳር ጉዳይ አይደሉም። ሰነድ አላቸው፣ እናት ነበራቸው።

መሬቱን በውል ሸጠው የለም እንዴ?

እዚህ ላይ አበሻ ከማንም በፊት ይገባዋል። ውጫሌን አስታውሱ። 1889፣ አንቀጽ 17። አማርኛው አጼ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል ይላል። ጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ውል። ነገሩ አድዋ ድረስ አደረሰን።

አሁን ወደ ኤድመንተን እንምጣ። የምንኖርበት ምድር የውል ቁጥር 6 ምድር ነው። በ1876 ዛሬ ሳስካችዋን በሚባለው ግዛት፣ ፎርት ካርልተንና ፎርት ፒት ላይ ተፈረመ። (ይኼኛው ፎርት ፒት ሌላ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የገጠመው።) በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ነባሮቹ ሕዝቦች ምድራቸውን «ለቀዋል፣ አስረክበዋል» ተብሎ ተጽፏል። ሽማግሌዎቻቸው ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉት ግን ሌላ ነው። ምድሩን አብረን እንጠቀምበት ተባለ ነው የሚሉት። ሰፋሪው የሚያገኘውም ማረሻ የሚገባበትን ጥልቀት ያህል ነው። ከዚያ በታች ያለው አልተነሳም። የተነጋገሩት በቃል፣ በክሪ ቋንቋ ነው። በፍርድ ቤት ለረጅም ጊዜ የተቆጠረው ወረቀቱ ነው።

ፓውንድሜከር የሚባለው የክሪ መሪ ያኔውኑ ተናግሮ ነበር። ይህ የእኛ ምድር ነው፣ እየተቆረሰ በትንሽ በትንሹ ለእኛው የሚመለስ ፔሚካን አይደለም አለ። ፔሚካን ደርቆ የተወቀጠ ሥጋ ከስብ ጋር የተለወሰ የመንገድ ስንቅ ነው። ቋንጣ ብላችሁ አስቡት።

ውሉ ፀሐይ እስከወጣች፣ ወንዝ እስከፈሰሰ ድረስ እንዲጸና ነው የተገባው። በውሉ መሠረት ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት 5 ዶላር ይከፈላል። ዛሬም 5 ዶላር ነው። በ1876 ቁም ነገር ይገዛ ነበር። ዛሬ አንድ ማኪያቶ ነው። ብሩን ግን ሄደው የሚቀበሉት ብዙ ናቸው። ውሉ በሕይወት አለ ለማለት ነው።

ሌላም አለ። በዚያው በ1876 ፓርላማው «ኢንዲያን አክት» የሚባለውን ሕግ አወጣ። በአንድ በኩል እንደ እኩያ ውል እየተፈራረመ፣ በሌላ በኩል እንደ ሞግዚት የሚያስተዳድር ሕግ ማለት ነው። እየተሻሻለ ሲሄድም ባሰበት። ባህላዊ ሥርዓቶቻቸው ከ1880ዎቹ ጀምሮ ተከለከሉ። ከ1927 ጀምሮ ስለ መሬታቸው ለመክሰስ ጠበቃ የሚቀጠርበትን ገንዘብ ማሰባሰብ ወንጀል ሆነ። ሁለቱም ክልከላዎች የተነሱት በ1951 ነው። ነባርነቱ በሕግ ያልተመዘገበ ሰው ያገባች ሴት የራሷን መብት ታጣ ነበር፤ ይህ ማስተካከያ የተጀመረለት በ1985 ነው። ከ1885 በኋላ ደግሞ በእነዚህ ሜዳማ ግዛቶች ከተከለለላቸው ቦታ ለመውጣት ከመንግሥት ወኪሉ የይለፍ ወረቀት ይጠየቁ ነበር። ለዚህኛውማ ሕግ እንኳን አልነበረውም። በደርግ ጊዜ ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ደጅ የጠኑ አባቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ይተያያሉ።

እኔ ትናንት የመጣሁ ስደተኛ ነኝ። ይህ ሁሉ ምን አገባኝ?

እውነት ነው፣ አላደረግነውም። የእኛ አያቶች አድዋ ላይ ከዚሁ ዓይነት ነገር ጋር ሲታገሉ ነበር። ይህን ሰዎች በኩራት ሲሉኝ እኔም ኩራቱን እጋራለሁ። ግን እስቲ አንድ ወረቀት አብረን እንይ።

ከሰኔ 2021 ወዲህ የካናዳ ዜግነት የወሰደ ሰው ቃለ መሐላው ላይ አንድ ነገር ተጨምሮበታል። ሕገ መንግሥቱን ጨምሮ የካናዳን ሕጎች በታማኝነት አከብራለሁ ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የሦስቱን የነባር ሕዝቦች ወገኖች፣ የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን፣ ነባር መብትና የውል መብት እንደሚቀበልና እንደሚያረጋግጥ በዚያው መሐላ ውስጥ በስም ተጠርቷል። እጃችንን አንስተን ያንን ብለናል። መሐላ ደግሞ እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም።

ለውጡ ከየት መጣ? ስለ ሬዚደንሻል ስኩሎቹ የሰዎችን ቃል የሰማው የእውነትና እርቅ ኮሚሽን በ2015 ይደረግ ብሎ ካወጣቸው 94 ጥሪዎች መጨረሻው፣ 94ኛው፣ ስለ መሐላው ነው። 93ኛው አዲስ መጪዎች ስለ ነባር ሕዝቦች እውነተኛ ታሪክ እንዲማሩ ይጠይቃል። ያ ሁሉ ስቃይ የተሰማበት ሰነድ የሚዘጋው ስለ እኛ፣ ስለ አዲስ መጪዎች በመናገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ማንም አልነገረኝም ነበር። ዜግነት ስወስድ ባንዲራና ኬክ ነበር የማስታውሰው።

ሌላው ምክንያቴ ቀለል ያለ ነው። ቤት ተከራይተን የምንኖረው፣ ልጆቻችንን የምናሳድገው በአንድ ሰው ምድር ላይ ነው። ጎረቤትን አለማወቅ ደግሞ ያደግንበት ጠባይ አይደለም።

ጥፋተኛ ተብዬ ልወቀስ ነው?

አይደለም። ከአሥር ጊዜ በላይ አስተርጉሜያለሁ፤ ሽማግሌ ጣቱን ወደ ሰው ሲቀስር አላየሁም። እንግዲህ አውቃችኋል፣ እወቁልን ነው የሚሉት።

«ቀይ ህንዶች» ማለት ችግር አለው?

አዎ፣ እባካችሁ ተዉት። አገር ቤት ሳለን በፊልም የለመድነው ስም ነው፤ ክፋት አስበን አይደለም። ግን ቀለም ነው፣ ያውም ስድብ ሆኖ የኖረ ቀለም። ህንድም አይደሉም። ሦስት ናቸው፦ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊት፣ ሜቲስ። ኢኑዊት በስተሰሜን በበረዶው ምድር ያሉት ናቸው፤ «ኤስኪሞ» አይባሉም። በአማርኛ በጥቅሉ «ነባር ሕዝቦች» ብትሉ ያስኬዳል። ከሁሉ የሚሻለው የሕዝቡን የራሱን ስም መጥራት ነው፤ ክሪ፣ ብላክፉት፣ ዴኔ፣ አኒሺናቤ። እኛም «አፍሪካዊ» ከመባል «ኢትዮጵያዊ» ስንባል ፊታችን ይፈታል።

በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 1.8 ሚሊዮን ሰው ነባር ነኝ ብሏል። ከአገሩ ሕዝብ 5 በመቶ ነው። ከ70 በላይ ቋንቋዎች አሏቸው።

ታክስ አይከፍሉም፣ ሁሉ ነገር በነጻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ወሬ ከታክሲ እስከ ፋብሪካ ይሰማል። ኢኑዊትና ሜቲስ እንደ ማንኛችንም ታክስ ይከፍላሉ። ከፈርስት ኔሽንስ ውስጥ በሕግ የተመዘገቡት ሰዎች በሪዘርቭ፣ ማለትም በተከለለላቸው ቦታ፣ ውስጥ ለሚያገኙት ገቢ ነጻ ናቸው። ከሪዘርቭ ውጭ ኤድመንተን መሀል የሚሠራው ይከፍላል። ሪዘርቮቹ ሁሉ ተደምረው ከአገሩ መሬት 1 በመቶ አይሞሉም። «ነጻ» የሚባለው ነገር አብዛኛው ለሰጡት ምድር በውል የተገባላቸው ነው። የውል ቁጥር 6 ጽሑፍ ውስጥ ለምሳሌ የመድኃኒት ሳጥን በወኪሉ ቤት እንዲቀመጥላቸው ተጽፏል። ሽማግሌዎቹ ያንን የሕክምና ቃል ኪዳን ነው ብለው ያዙት። የገባችሁልኝን ቃል ጠብቁ ማለት ልመና አይደለም።

ጭስ አለ ይባላል። ሃይማኖቴ ይከለክለኝ ይሆን?

ብዙ ጊዜ ሲጀመር ሽማግሌው ሴጅ የሚባል ደረቅ ቅጠል ወይም ጠረኑ የሚጣፍጥ ሣር ያጨሳል። የፈለገ ሰው ጭሱን በመዳፉ ወደ ራሱ ይስባል፤ ወደ ጭንቅላቱ፣ ወደ ዓይኑ፣ ወደ ልቡ። አእምሮን ለማጥራት ነው የሚሉት። እጣን ሲጨስ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም።

ግዴታ ግን የለውም። ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ጴንጤም መጥቷል። ያልፈለገ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሽማግሌው አልፎት ይሄዳል። ማንም አይቀየምም። አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ይንገረኝ፤ ሲጨስ ውጭ ቆይቶ ይገባል።

እኔ ራሴ ከጦርነት ነው የመጣሁት። ይከብደኝ ይሆን?

ሊከብድ ይችላል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ልጅ ከእናት የሚለይበት ክፍል ሲደርስ ሰው የራሱን ያስታውሳል። በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣ፣ ሊቢያ የታሰረ፣ ልጁን አገር ቤት ትቶ የመጣ ከመካከላችን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ተከትዬው ወጣሁ። ከእኔ ቀድማ ሽማግሌዋ አጠገቡ ተቀምጣ አገኘኋት። ቋንቋ የላቸውም። ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እኔም ለማስተርጎም ሄጄ ምንም የሚተረጎም ስላልነበረ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

መውጣት ትችላላችሁ። ካርድ አልወስድም ማለት ትችላላችሁ። ዳር ወንበር ይዞ መመልከትም ይቻላል። ሁልጊዜ ሐዘን የሚያይ፣ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይኖራል። የሰሞኑ ሐዘን ያላችሁ ግን ለሌላ ጊዜ ብታቆዩት እመክራለሁ።

ልጆች ይመጣሉ? እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችስ?

ለሕፃናት አይሆንም። ለልጆች ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀ አለ፤ ትምህርት ቤታቸው ሊያደርገው ይችላል። አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር ቢመጡ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ስለተማሩት ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለአባቱ «ባባ፣ ይሄንኮ ነግሬህ ነበር» ሲለው ሰምቻለሁ።

ወላጆችን አምጧቸው። የሚነበቡትን ወረቀቶች በአማርኛ አዘጋጅተናል። ትግርኛና ኦሮምኛ የሚያስተረጉሙ ልጆችም እየረዱን ነው።

«እርቅ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ይቅርታ ተጠይቆ የለም እንዴ?

ይቅርታማ ተጠይቋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ሰኔ 11 ቀን 2008 ፓርላማ ውስጥ ቆመው ይቅርታ ጠይቀዋል። የካቶሊኮቹ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሐምሌ 2022 ከእኛ ከተማ በስተደቡብ ወዳለችው ማስክዋሲስ መጥተው ይቅርታ ጠይቀዋል። ካሳም በፍርድ ቤት ስምምነት ተከፍሏል።

ግን እኛ እርቅ እናውቃለን። ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? በዳይና ተበዳይ ይሰማሉ። በዳይ አድርጌያለሁ ይላል። ካሳ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ነው ጉልበት የሚሳመው። «በቃ ተሳሳሙ» ተብሎ የተዘጋ ነገር በዓመቱ ተመልሶ ይፈነዳል። ኮሚሽኑም «የእውነትና እርቅ» የተባለው እውነትን አስቀድሞ ነው። ከ2008 እስከ 2015 ከ6,500 በላይ ሰዎችን ሰማ። ሰብሳቢው ዳኛ መሬይ ሲንክሌር ነበሩ፤ ራሳቸው አኒሺናቤ ነበሩ፣ በ2024 አርፈዋል። ከሌሎቹ ሁለት አባላት አንዱ ዊልተን ሊትልቻይልድ የማስክዋሲስ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆነው ሬዚደንሻል ስኩል ገብተዋል። ኮሚሽኑ የተደረገውን የባህል ዘር ማጥፋት ብሎ ጠራው። ከ94ቱ ጥሪዎች ብዙዎቹ ገና አልተጠናቀቁም። ስለዚህ እርቁ ገና መሰማቱ ላይ ነው ያለው ብዬ ነው የማስበው። እኛም ከሰሚዎቹ ወገን ነን።

ለእድራችን ወይም ለቤተ ክርስቲያናችን ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

ብርድ ልብስ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩት። ታሪኩ የእነሱ ነው፤ የሚመሩትም የሠለጠኑ የነባር ሕዝቦች ሰዎች መሆን አለባቸው። ሽማግሌ መኖር አለበት። ይህን ካላገኛችሁ ቀኑን ግፉት።

ክፍያ አለው። ለአመቻቾቹም ለሽማግሌውም በፖስታ በክብር ይሰጣል። «ለማኅበረሰብ ስለሆነ በነጻ» ብላችሁ አትጠይቁ። ሽማግሌን ለአንድ ነገር ስትጠይቁ በዚህ አካባቢ ልማዱ ትንባሆ ማቅረብ ነው። እኛ ዘንድ ትንባሆ ነውር ስለሆነ አንዳንድ አባቶች ይሸሻሉ። ለማጨስ እንዳልሆነ፣ የጸሎት ስጦታ እንደሆነ አስረዷቸው። መንካት ካልፈለጉ ለአመቻቹ በግልጽ ንገሩት፤ ሌላ መንገድ ያሳያችኋል። እኛ ከዚያ በተጨማሪ አንድ ኪሎ ቡና እንሰጣለን፣ በጣም ይወደዳል።

ሃያ፣ ሠላሳ ሰው ይበቃል። ሰፊ ወለል ያለው አዳራሽ ፈልጉ። ከክቡ በኋላ ምግብ ይኑር፤ ሰው አብሮ ሳይበላ አይበተን። ቡናው አዳራሹ ውስጥ ቢፈላ ደግሞ ሰዉ ወሬውን እዚያው ይቀጥላል።

መስከረም 30 ላይ ብርቱካናማ ቲሸርት የሚለበሰው ለምንድን ነው?

ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሴት በ1973፣ በስድስት ዓመቷ፣ አያቷ የገዙላትን አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሳ ሬዚደንሻል ስኩል ገባች። በመጀመሪያው ቀን አወለቋት። አልመለሱላትም። ከ2013 ጀምሮ ቀኑ በእሷ ታሪክ ይታሰባል፤ ከ2021 ወዲህ በፌዴራል ደረጃ የእውነትና እርቅ ብሔራዊ ቀን ነው። ልጃችሁ ቲሸርት ሲጠይቃችሁ «ለምን?» ብላችሁ እንዲነግራችሁ አድርጉት። ስትገዙም ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ምን ይዤ ልምጣ?

ወፍራም ካልሲ። ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ በተለይ በክረምት። ለመቆም የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ወንበር አለ።

ብርድ ልብስ ከቤት ማምጣትም ይቻላል። ባለፈው እነዚያ በአንድ እግራቸው የቆሙት እናት ጋቢያቸውን ይዘው መጡ፤ ይነጠፍ አሉ። ሽማግሌዋን ጠየቅናት። ጋቢውን ተቀብላ በጣቷ ጥለቱን ዳሰሰች፣ ማን እንደሸመነው ጠየቀች። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር መሀል ላይ ተነጠፈ። ሁሉም አልቆ ብርድ ልብሶቹ ሲሰበሰቡ ሽማግሌዋ ጋቢውን አነሳች፣ አራገፈችው፣ መልሳ እናትየዋ ትከሻ ላይ ደረበችላቸው። እሳቸው ደግሞ አውልቀው እሷን አለበሷት። አሁን እሷ ጋ ነው ያለው።